የድሮውን ዊንዶውስ ስንናፍቅ የምንናፍቀው ምንድን ነው?

«በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይላሉ አበው። ዊንዶውስ 95፣ 98 እና ኤክስፒ በጠረጴዛችን ላይ በነበሩበት ዘመን ያልወቀስናቸው ቀን አልነበረም። ዛሬ ግን ሁለት ሐበሾች ስለ ኮምፒዩተር ካነሱ ጨዋታው «የድሮው ይሻል ነበር» በሚል ሲያበቃ እሰማለሁ። እኔም ከናፋቂዎቹ አንዱ ነኝ። ሆኖም ናፍቆት ሁሉ እኩል አይደለም። አንዳንዱ የገዛ ወጣትነታችንን መናፈቅ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ በእርግጥ የቀረብን ነገር ስላለ ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ ሁለቱን ለመለየት እሞክራለሁ። ጉዳዩ በግዕዝ ፊደል የምንጽፈውን ሰዎች ከሌላው በተለየ የሚነካበት ምክንያት አለና።

ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 95ን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. ኦገስት 24 ቀን 1995 ነበር። ሲዲ ማንበቢያ የሌለው ሰው 13 ፍሎፒ ዲስኮችን ተራ በተራ እያጎረሰ ነበር ኮምፒዩተሩ ላይ የሚጭነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዊንዶውስ 3.1 የምንፈልገውን ፕሮግራም ለማግኘት መስኮት በመስኮት ላይ መክፈት ግድ ይል ነበር። ዊንዶውስ 95 ግን ሁሉንም በአንድ በር አስገባው፤ ከታች በስተግራ «ስታርት» የሚል ቁልፍ፣ ከጎኑም የተከፈቱትን ሥራዎች የሚያሳይ መስመር። እንግሊዝኛ ብዙም የማያውቅ ሰው እንኳን በዚያች አንድ ቃል መጀመር ይችል ነበር። ኩባንያው ይህን ቁልፍ እ.ኤ.አ. በ2012 በዊንዶውስ 8 አነሳው። የተጠቃሚው ጩኸት ሲበዛም በዓመቱ በዊንዶውስ 8.1 መለሰው፤ የቀድሞውን የመሰለው ዝርዝር ግን እስከ 2015 ድረስ፣ ዊንዶውስ 10 እስኪመጣ፣ አልተመለሰም። ናፍቆት አንዳንድ ጊዜ ፍሬ እንደሚያፈራ ይህ ማስረጃ ነው።

እኔ በግሌ የምናፍቃቸው ሌሎችም አሉ። አንደኛው ኤፍ1 ሲነካ የሚከፈተው የእርዳታ መጽሐፍ ነው። ማውጫውም ማብራሪያውም ማሽኑ ውስጥ ስለነበር ያለ ስልክ መስመር ይሠራ ነበር። ያን ዓይነት መጽሐፍ የሚያነበው የቀድሞው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ከቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አብሮ መምጣቱን አቆመ። ሁለተኛው፣ የኤክስፒን ሰማያዊ ገጽታ ያልወደደ ሰው ወደ ቀድሞው ግራጫ ገጽታ መመለስ መቻሉ ነው፤ ይህም በዊንዶውስ 8 ቀረ። ሦስተኛው፣ በዊንዶውስ 98 ዲስኩ ሲደራጅ ትናንሽ ባለቀለም ካሬዎች በየቦታቸው ሲሰደሩ ማየት ነው። ይህ የመጨረሻው የወጣትነት ናፍቆት መሆኑን አልክድም።

ከሁሉ በላይ የማስቀምጠው ግን ብዙ ሰው ልብ የማይለውን ነገር ነው፤ ይኸውም የፊደላት ማኖሪያውን፣ «ፎንትስ» የተባለውን አቃፊ። እ.ኤ.አ. በ1992 ዊንዶውስ 3.1 ትሩታይፕ የተባለውን የፊደል አሠራር ይዞ ሲመጣ፣ ማንም ሰው የራሱን ፊደል ቀርጾ ማስገባት የሚችልበት በር ተከፈተ። ማሽኑ አማርኛ የሚባል ቋንቋ መኖሩን አያውቅም፤ ቢሆንም አልከለከለም። የኛ ባለሙያዎች የላቲን «ኤ» በተቀመጠበት ቦታ የኛን ፊደል አስቀመጡ። ኮምፒዩተሩ እንግሊዝኛ የጻፈ ይመስለዋል፤ እኛ ግን አማርኛ እናነባለን።

ችግሩ ቀላል አልነበረም። በአንድ ፎንት ውስጥ የነበረው ቦታ 256 ብቻ ነው፤ ከዚያም ላይ ለማሽኑ ትእዛዞች የተያዘው ሲቀነስ የሚተርፈው ያነሰ ነው። የአማርኛ ፊደል ደግሞ 33ቱ በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ገና አልተቆጠሩም። ስለዚህ አንዳንዶቹ ፊደሉን ለሁለትና ለሦስት ፎንት ከፈሉት፤ ሌሎቹ የፊደሉን አካልና ቅጥያውን ለየብቻ ቀርጸው አገጣጠሙት። በስደት የታተሙት መጽሔቶች፣ የዕድር ደብዳቤዎችና የቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያዎች ለዓመታት የተጻፉት በዚህ ብልሃት ነው።

አሁን ይህን ከስልክ ጋር እናነጻጽረው። አይፎን ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ ከውጭ የተሠራ ኪቦርድ ለሁሉም ተጠቃሚ የፈቀደው ግን በ2014 ነበር። ሠሪው እስኪፈቅድ ሰባት ዓመት መጠበቅ ያስፈልግ ነበር ማለት ነው። ዊንዶውስስ? የራሱን የግዕዝ ፊደል፣ ኒያላ የተባለውን፣ ከአማርኛ መጻፊያ ጋር ይዞ የመጣው በቪስታ በ2007 ነው። የ1992ቱ ኮምፒዩተር እንደ መጀመሪያዎቹ አይፎኖች የተዘጋ ቢሆን ኖሮ፣ አማርኛ ከዊንዶውስ ደጃፍ 15 ዓመት ቆሞ በጠበቀ ነበር። እኔ የምናፍቀው እንግዲህ ይህን ጠባይ ነው፦ ሠሪው ያላሰበውን ነገር ባለቤቱ እንዲያስብ መተውን።

ሚዛናዊ ለመሆን ሌላውንም ወገን ማየት ይገባል። ያ ነፃነት የባቢሎን ግንብም ነበር። እያንዳንዱ ሠሪ ፊደላቱን በፈለገው ቦታ ስላስቀመጠ በአንዱ ፎንት የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም አልባ ዝብርቅርቅ ይሆናል። ይህንን የፈታው የግለሰቦች ብልሃት ሳይሆን የጋራ ስምምነት ነው፤ የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል በዓለም የታወቀ ቁጥር አገኘ። የደኅንነቱም ነገር እንዲሁ ነው። በዊንዶውስ 98 የይለፍ ቃል ሲጠየቅ «ኢስኬፕ» የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ ማለፍ ይቻል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ብላስተር የተባለው ትል ኤክስፒን ካመሰ በኋላ ነው፣ በ2004 በወጣው ማሻሻያ፣ መከላከያው ከመጀመሪያው በርቶ እንዲመጣ የተደረገው። የቁጥጥሩም ጅማሬ በምንናፍቀው ዘመን ውስጥ ነው፤ ዊንዶውስን ኩባንያው ዘንድ አስመዝግቦ ማስከፈት ለግል ገዢዎች የተለመደው በ2001 ከኤክስፒ ጋር ነበርና። ከዚያ ወዲህ በሩ እየጠበበ ሄደ፤ በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 የቤት እትሙን ለማስጀመር ኢንተርኔትና የኩባንያውን አካውንት የሚጠይቅ ሆኖ መጣ።

ታዲያ ከናፍቆቱ ምን እናተርፋለን? እኔ ዘንድ በ1990ዎቹ የተጻፉ የማኅበር ቃለ ጉባኤዎች አሉ። ፋይሎቹ አልጠፉም፤ ሲከፈቱ ግን የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ክምር ናቸው፤ ፎንቱ አብሯቸው የለምና። በብዙዎቻችሁም ቤት ተመሳሳይ ሣጥን እንዳለ አልጠራጠርም። የዘመኑ ፕሮግራሞችም እያመለጡን ነው፤ ለዊንዶውስ 3.1 የተሠሩትን ባለ 16 ቢት ፕሮግራሞች ባለ 64 ቢቱ ዊንዶውስ አያስኬዳቸውም፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከ64 ቢት በቀር ሌላ እትም የለውም።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ አሮጌውን ኮምፒዩተር ከመጣላችሁ በፊት የፎንት አቃፊውን ከነጽሑፎቹ ቅዱ። ፎንቱ ካለ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ መመለስ ይቻላል፤ ፎንቱ ከጠፋ ግን እያንዳንዱን ፊደል መገመት ይሆናል። ስደተኛው ትውልድ ስለ አገሩ ያሰበው፣ የተከራከረበትና የተዋቀሰበት ጽሑፍ በብራና ላይ የለም፤ በእነዚያ ፍሎፒዎች ላይ ነው። የስታርት ቁልፍ ጠፍቶ ተመልሷል። ይህ ከጠፋ የሚመልስልን ኩባንያ የለም።

ቸር ይግጠመን።