ከኮርሴት እስከ ጡት መያዣ፦ ልብሱ ለአካል ወይስ አካል ለልብሱ?

ዛሬ የምናነሳው ብዙ እናቶች ሐኪም ፊት እንኳ ለመናገር የሚያፍሩበትን ጉዳይ ነው፦ ጡት መያዣ። ትከሻ ላይ የሚሰምር ማንጠልጠያ፣ ከጡት ሥር የሚወጣ ሽፍታ፣ "ጡቴ ትልቅ ነው" ወይም "ትንሽ ነው" ብላ የምትሳቀቅ ወጣት... ከብዙዎቹ ጀርባ ልክ ያልሆነ ጡት መያዣ ሊኖር ይችላል። ታሪኩን ስናውቅ ልኩን መምረጥ ይቀለናል። (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

🔹 ኮርሴት የነገሠበት ዘመን

በአውሮፓ ሴቶች ለብዙ መቶ ዓመታት ኮርሴት ለብሰዋል። ኮርሴት ከደረት እስከ ወገብ የሚደርስ፣ በጠንካራ ዘንጎች የተወጠረና በገመድ ተጠፍሮ የሚታሰር ልብስ ነው። ጡትን ከታች ወደ ላይ ይገፋል፣ ወገብን ያቀጥናል። ጀርመናዊው የአናቶሚ ሊቅ ሳሙኤል ቶማስ ዞመሪንግ በ1788 ባሳተመው ጽሑፍ የኮርሴትን ጉዳት አስጠንቅቆ ነበር። አጥብቆ ማሰር የጎድን አጥንትን ያዛባል፣ ትንፋሽንም ያሳጥራል። ፋሽኑ ግን ከዚያ በኋላም ከመቶ ዓመት በላይ ቀጠለ። በዚያ ዘመን ልብሱ አይቀየርም፤ የሚቀየረው የሴቷ አካል ነበር።

🔹 ኮርሴቱ ለሁለት ተከፈለ

በ1889 ፈረንሳዊቷ ኤርሚኒ ካዶል ኮርሴትን ለሁለት ከፈለችው። የላይኛው ክፍል በትከሻ ማንጠልጠያ ጡትን ይዞ ቀረ። በ1914 ደግሞ አሜሪካዊቷ ሜሪ ፌልፕስ ጃኮብ በሁለት መሐረብና በጥብጣብ የጀመረችውን ቀላል ጡት መያዣ የባለቤትነት መብት አስመዘገበች። በኋላም መብቱን ለአንድ የኮርሴት ኩባንያ በ1,500 ዶላር ሸጠችው። ይህ ልብስ ቀላልና ለስላሳ ቢሆንም ትልቅ ጡት ላላት ሴት በቂ ድጋፍ አይሰጥም ነበር።

በ1920ዎቹ ፋሽኑ ጠፍጣፋ ደረት ሆነና ሴቶች ጡታቸውን በጨርቅ ይጫኑ ጀመር። በኒው ዮርክ ቀሚስ ይሸጡ የነበሩት አይዳ ሮዘንታልና ኢኒድ ቢሴት ግን ለእያንዳንዱ ጡት የራሱ ማረፊያ ያለው ጡት መያዣ ሠሩ። ዓላማቸው ቀሚሱ በደንበኞቻቸው ላይ እንዲያምር ነበር። ከዚህ ሥራ ሜይደንፎርም የተባለው ኩባንያ ተወለደ።

🔹 ፊደሎቹ ከየት መጡ?

በ1930ዎቹ መጀመሪያ ኤስ ኤች ካምፕ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ የጡትን መጠን ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ብሎ በፊደል መደበ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፊደሉ ብቻውን የጡትን መጠን አይናገርም። ቁጥሩ ከጡት በታች ያለውን የደረት ዙሪያ ያሳያል፤ ፊደሉ ደግሞ በዚያ ዙሪያና በጡት ዙሪያ መካከል ያለውን ልዩነት። ስለዚህ 32 ዲ፣ 34 ሲ እና 36 ቢ በግምት እኩል መጠን ያለው ጡት ይይዛሉ። "ዲ ነኝ" ብላ የምትሸማቀቅ ልጅ ካለች ይህን ንገሯት።

መርካቶም ሆነ ሰልቫጅ ስትገዙ አንዱ ላይ 75፣ ሌላው ላይ 34 ብታዩ አትደናገሩ። የመጀመሪያው የአውሮፓ፣ ሁለተኛው የአሜሪካ አቆጣጠር ሲሆን በግምት አንድ ናቸው።

🔹 ታዲያ እንዴት እንምረጥ?

✅ ሸክሙን በዋናነት መያዝ ያለበት በደረት ዙሪያ የሚታሰረው ክፍል እንጂ ማንጠልጠያው አይደለም። ከጀርባ ወደ ላይ ከተሳበ ሰፍቷል፤ ሁለት ጣት የማያስገባ ከሆነ ጠቧል።
✅ ትንሽ ጡት፦ ቀለል ያለ፣ ስስ ስፖንጅ ያለው፣ ከላይ ዝቅ ብሎ የተቆረጠ ያምራል። ከላይ ክፍተት ከታየ ሰፊ ነው።
✅ ትልቅ ጡት፦ ሙሉ ጡቱን የሚሸፍን፣ ሰፊ ማንጠልጠያና ሦስት ወይም ከዚያ በላይ መንጠቆ ያለው ይሁን። ጡትን ለመደበቅ ጠባብ መግዛት ከላይና ከጎን እንዲያብጥ አድርጎ ይበልጥ ያጋልጠዋል።
✅ ሁለቱ ጡቶች መጠነኛ የመጠን ልዩነት ቢኖራቸው የተለመደ ነው። በትልቁ ለኩ።
✅ በስስ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ሥር ነጭ ጡት መያዣ ጎልቶ ይታያል። ከቆዳችሁ ቀለም ጋር የሚቀራረበውን ምረጡ።
✅ የምታጠቡ እናቶች ጡትን የሚጫን ነገር አትልበሱ። የወተት መተላለፊያን ሊያጨናንቅ ይችላል።

🔹 "ጡት መያዣ ካንሰር ያመጣል?"

ይህ ወሬ የተስፋፋው በ1995 በአሜሪካ ከታተመ አንድ መጽሐፍ ወዲህ ነው። በ2014 በሲያትል አካባቢ ከ1,000 በላይ የጡት ካንሰር ታማሚዎችን ከጤነኞች ጋር ያነጻጸረ ጥናት ግንኙነት አላገኘም። ይልቅ አዲስ እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ፣ ከጡት ጫፍ የሚወጣ ደም ወይም በአንድ ጡት ላይ ብቻ የመጣ ለውጥ ካያችሁ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ሂዱ።

በ1977 ሊሳ ሊንዳል የተባለች አሜሪካዊት ስትሮጥ ጡቷ ቢያማት ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር ሆና የስፖርት ጡት መያዣ ሠራች። መሮጧን አላቆመችም፤ ልብሱን ቀየረች። እናቶች፣ ልጃችሁ "ያመኛል" ወይም "አይመቸኝም" ስትላችሁ አካሏን አትውቀሱ። ሜትር አንሱና ልኳን ለኩ።

ለእህቶቻችሁና ለልጆቻችሁ አጋሩ።