የብረት ድካምና በካርቱም ያለፈው ኮሜት

በካርቱም ከተማ በዓባይ ዳር የሚገኘው ጀሪፍ ለረጅም ዘመን ጡብ ሲተኮስበት የኖረ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያንም የተቀመጡበት ሰፈር ነው። ሸክላ ሲሰበር በአንድ ጊዜ ነው፤ ብረት ግን ሳያስታውቅ ቀስ በቀስ ይደክማል። ይህን ለዓለም ያስተማረው አይሮፕላን በዚችው በካርቱም በኩል ያለፈ ነበር።

ሚያዝያ 24 ቀን 1944 ዓ.ም. ከሎንዶን ወደ ጆሃንስበርግ የተነሣው ኮሜት፣ ከፋይ መንገደኞችን በጄት ኃይል በማጓጓዝ የመጀመሪያው ሆኖ በካርቱም አርፎ አለፈ። ያው አይሮፕላን ጥር 2 ቀን 1946 ዓ.ም. ከሮማ እንደ ተነሣ በኤልባ ደሴት አጠገብ በአየር ላይ ተበጣጥሶ 35 ሰዎች አለቁ። ምክንያቱ ሳይታወቅ በረራው እንደገና ተፈቀደ፤ መጋቢት 30 ቀን ሌላ ኮሜት በናፖሊ አጠገብ ወድቆ 21 ሰዎች ሞቱ። ይህ ችኮላ እጅግ የሚያሳዝን ነው።

የእንግሊዝ መርማሪዎች በፋርንቦሮ የአንድ ኮሜት አካል ከውኃ ገንዳ አግብተው፣ በየበረራው በአየር እንደሚነፋና እንደሚተነፍስ ሁሉ፣ በውኃ ግፊት ያንኑ ደጋገሙበት። ቀድሞ የበረረው ተቆጥሮ፣ በ3,057ኛው ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ ተቀደደ። ሽቦ ደጋግሞ ያጠፈ ተማሪ ነገሩን አይስተውም። ከባሕር የወጣው የመጀመሪያው ኮሜት ስብራት ግን፣ በተለምዶ እንደሚነገረው ከመንገደኞች መስኮት ሳይሆን፣ በጣራው ላይ ከነበረው የአንቴና መስኮት የጀመረ ነው።

ከዚያ ወዲህ አንዱ ክፍል ቢሰበር ሌላው ሸክሙን እንዲይዝ አድርጎ መሥራት ተለመደ። እርሱም አልበቃም፤ ግንቦት 6 ቀን 1969 ዓ.ም. በዚሁ ዘዴ የተሠራ ቦይንግ 707 በሉሳካ አጠገብ የጅራቱ ክንፍ ተሰብሮ 6 ሰዎች ሞቱ፤ ውስጥ ውስጡን የቆየውን ስንጥቅ ያየ አልነበረምና። በ1971 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካ ደንብ፣ ስንጥቅ እንዳለ አስቀድሞ ታስቦ፣ የሚያድግበት ፍጥነት ተሰልቶ፣ አካሉን ሳይሰብር የሚገኝበት የምርመራ ጊዜ እንዲወሰን አዘዘ።