ከሕዋስ አስኳል የሚያወጣው ፕሮቲን የታወቀበት ታሪክ

ዕውቀት በመጽሐፍ ገጽ ላይ ተጽፎ ሲገኝ ከመጀመሪያው ጀምሮ የተሟላ ይመስላል። ተማሪው ስሙንና ትርጓሜውን በቃሉ ይይዛል፤ መምህሩም ያንኑ መልሶ ይጠይቀዋል፤ ነገር ግን ስሙ በምን ምክንያት እንደ ወጣ፥ ከወጣም በኋላ ምን እንደ ተገለጠ ሳይነገር ይቀራል። ይህ ልማድ የሳይንስን ትምህርት ምን ያህል እንደሚጎዳው ለማስረዳት፥ ሌሎችን ፕሮቲኖች ከሕዋስ አስኳል እየተሸከመ የሚያወጣ አንድ ፕሮቲን እንዴት እንደ ታወቀ ባጭሩ እናገራለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ስኮትላንዳዊው የእጽዋት ሊቅ ሮበርት ብራውን በ1831 ዓ.ም. የኦርኪድ እጽዋትን ሲመረምር በሕዋሶቻቸው ውስጥ አንድ ክብ ነገር አይቶ ኒውክሊየስ ብሎ ጠራው፤ እኛም አስኳል እንለዋለን። በትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ ይህ አስኳል ዙሪያው እንደ ተዘጋ ክብ ሆኖ ይሣላል። ሆኖም በ1950 ዓ.ም. ካላንና ቶምሊን የተባሉ ተመራማሪዎች በውሃና በየብስ የሚኖሩ እንስሳትን የእንቍላል ሕዋስ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ፥ የአስኳሉ ሽፋን በብዙ ቀዳዳዎች የተበሳሳ መሆኑን አሳዩ። በነዚህ ቀዳዳዎች ትንንሹ ነገር በራሱ ያልፋል፤ ታላላቁ ፕሮቲን ግን ያለ አስተላላፊ እምብዛም አያልፍም። እንግዲህ አስተላላፊው ማነው?

መልሱ የተገኘው ይህን ጥያቄ ባልጠየቁ ሰዎች እጅ ነው። በ1983 ዓ.ም. የጃፓን ተመራማሪዎች ከስትሬፕቶማይሲስ ወገን ከሆነ የአፈር ባክቴሪያ ሌፕቶማይሲን የተባለ ሻጋታን የሚገድል ቅመም አወጡ። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ስትሬፕቶማይሲንም ከዚሁ ወገን የተገኘ ነው። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ አዳቺና ያናጊዳ የተባሉ ሌሎች ጃፓናውያን የእርሾ ሕዋስን ሲያጠኑ፥ አንድ ጂን ሲበላሽ የክሮሞሶሞች ቅርጽ እንደሚዛባ አይተው፥ ያን ጂን ክሮሞሶምን የሚጠብቅ ነው በማለት ሲ አር ኤም 1 ብለው ሰየሙት። በ1994 ዓ.ም. ሁለቱ መንገዶች ተገናኙ፤ ሌፕቶማይሲን የሚያጠቃው ይህንኑ ሲ አር ኤም 1 መሆኑ ታወቀ።

በ1995 ዓ.ም. ሌሎች ሊቃውንት አንዳንድ ፕሮቲኖች ከአስኳል ለመውጣት እንደ ይለፍ ወረቀት የሚያገለግል አጭር ምልክት በሰውነታቸው ላይ እንዳላቸው አገኙ፤ ከነዚህም አንዱ የኤች አይ ቪ ቫይረስ ፕሮቲን ነበር። በ1997 ዓ.ም. በልዩ ልዩ አገር ያሉ ቤተ ሙከራዎች ያን ምልክት አንብቦ የሚያወጣው ሲ አር ኤም 1 መሆኑን አረጋገጡ፤ ኤክስፖርቲን 1 የሚባል ስምም ተጨመረለት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኤክስፖርቲን በአስኳል ውስጥ ራን ከተባለ ትንሽ ፕሮቲን ጋር ሆኖ ጭነቱን ይይዛል፤ በቀዳዳው አልፎ ከወጣ በኋላ በራን ላይ የተያያዘው ጂ ቲ ፒ የተባለ ንጥረ ነገር ሲሰበር ጭነቱን ይለቃል፤ ባዶውንም ተመልሶ ይገባል።

ይህ ሥራ ለጤና የሚያስፈልግ ቢሆንም በነቀርሳ (ካንሰር) በሽታ ጊዜ ለጥፋት ይውላል። ፒ 53 የተባለው ፕሮቲን የተበላሸ ሕዋስ እንዳይባዛ የሚገታ ዘበኛ ነው፤ ነገር ግን ዋና ሥራውን የሚሠራው በአስኳል ውስጥ ነው። በብዙ ዐይነት ነቀርሳ ኤክስፖርቲን ከልክ በላይ በዝቶ ይገኛል፤ እንደዚህ ያሉትን ዘበኞችም ወደ ውጭ ሲያወጣቸው ዘበኛው ሳይሞት ከዘብ ቦታው ይርቃል።

ስለዚህ በሩን መዝጋት መድኀኒት ይሆናል ተብሎ ታሰበ። ሌፕቶማይሲን በሕሙማን ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ1996 ዓ.ም. ሲገለጽ ግን፥ የምግብ ፍላጎትን እጅግ የሚያጠፋና ሰውነትን የሚያደክም ሆኖ ስለ ተገኘ ተተወ። ያም ቅመም ኤክስፖርቲንን አንዴ ከያዘ አይለቅም ነበር። ኋላ ያንኑ ቦታ ይዞ ቈይቶ የሚለቅ ሴሊኔክሶር የተባለ መድኀኒት ተሠራ፤ በ2019 ዓ.ም.ም በአሜሪካ ሌላ ሕክምና ላልበገረው የመቅኔ ነቀርሳ ተፈቀደ። እርሱም ቢሆን ማቅለሽለሽንና የደም መጓደልን ያመጣል፤ የሚያዘገይ እንጂ ፈጽሞ የሚፈውስ አይደለም።

መምህራን ሆይ፥ ሲ አር ኤም 1 የሚለውን ስም ልብ በሉ። ስሙ የሚናገረው ሰያሚዎቹ በ1989 ዓ.ም. ስላዩት ነው፤ ዋና ሥራው የታወቀው ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። ስምን ብቻ የሚያስተምር መምህር ዕውቀቱን በ1989 ዓ.ም. ላይ ያቆመዋል። «ይህ ምን ይጠቅማል?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪም ተገቢ መልስ ሊያገኝ ይገባዋል፤ የአፈር ባክቴሪያንና እርሾን የመረመሩት ሰዎች የነቀርሳ መድኀኒት እየፈለጉ አልነበሩም፤ ያለ እነርሱ ግን መንገዱ አይገኝም ነበር። ስለዚህ አስኳልን በሰሌዳ ላይ ስንሥል ዙሪያውን ሙሉ በሙሉ አንዝጋው፤ ቀዳዳዎቹን እንተውለት፤ ተማሪውም በዚያ የሚገባውና የሚወጣው ምን እንደ ሆነ ይጠይቅ።