ትሪያል፦ እግር መሬት ሲነካ ነጥብ የሚቆጠርበት የሞተር ስፖርት እና የሞተሩ አያያዝ

የሞተር ውድድር ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ፍጥነት ነው። ትሪያል ግን ሌላ ነገር ነው። ድንጋይ፣ ጭቃ፣ ወንዝና የወደቀ ግንድ ባለበት አጭር መንገድ ላይ እግር መሬት ሳይነካ ነድቶ መውጣት ነው ጨዋታው። መቀመጫ በሌለው ቀጭን ሞተር ላይ ቆሞ ከሰው ቁመት የሚበልጥ አለት ላይ የሚወጣ ሰው በቪዲዮ አይታችሁ ይሆናል። ያ ትሪያል ነው።

ዛሬ የምናወራው ግን ስለ እነዚያ ቪዲዮዎች አይደለም። እሁድ እሁድ በእንግሊዝና በስፔን ገጠር፣ በራሳቸው ገንዘብ ስለሚጫወቱት አማተሮች ነው፤ በተለይ ደግሞ ስለ ሞተራቸው አያያዝ። የአማተር ሞተር አለት ላይ ወድቆ ብዙም አይሞትም። ባብዛኛው የሚሞተው ግቢ ውስጥ፣ በእጥበት እና በ"ነገ አየዋለሁ" ነው።

ነጥቡ እንዴት ይቆጠራል?

በአንድ ሜዳ ላይ ሴክሽን የሚባሉ አጫጭር መንገዶች በምልክት ተለይተው ይዘጋጃሉ። በየሴክሽኑ አንድ ታዛቢ ቆሞ ይመዘግባል። ነጂው እግሩን ሳያወርድ ከወጣ 0 ነው። አንዴ ካወረደ 1፣ ሁለቴ ካወረደ 2፣ ሦስቴም ሆነ አሥር ጊዜ ካወረደ 3። ከወደቀ ወይም ከምልክቱ ከወጣ 5። በብዙ የእንግሊዝ ክለቦች ደንብ መሃል ላይ መቆምም 5 ነው። በመጨረሻ ትንሽ ነጥብ የያዘ ያሸንፋል።

እዚህ ላይ ጀማሪ የሚዘነጋው ነገር አለ። ከሦስት በኋላ እግር ማውረድ ተጨማሪ ነጥብ አያመጣም። ስለዚህ ሚዛኑ አንዴ ከተበላሸ በሁለት እግር እየተንፏቀቁም ቢሆን መውጣት ይሻላል፤ 3 ከ5 ያንሳልና። ለምሳሌ 10 ሴክሽን 3 ዙር ከተነዳ 30 ሙከራ ነው። ከእነሱ አሥሩን ከ5 ወደ 3 ያወረደ ሰው 20 ነጥብ ቀንሷል፣ ያውም ምንም አዲስ ችሎታ ሳይጨምር።

ከየት መጣ?

ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1914 በዮርክሻየር የሞተር ፋብሪካ የነበረው አልፍሬድ ስኮት ለሠራተኞቹ በገጠር መንገድ ላይ ፉክክር አዘጋጀ። ስኮት ትሪያል ተብሎ እስከ ዛሬ ይካሄዳል፤ እሱ እንኳን ሰዓትም ይቆጥራል። በስኮትላንድ ደግሞ በየዓመቱ በሜይ ወር በፎርት ዊሊያም ከተማ ዙሪያ ስድስት ቀን የሚፈጅ ትሪያል አለ፤ አማተሩና ፕሮፌሽናሉ አንድ መንገድ ላይ ይነዳሉ።

ስፖርቱን የቀየረው የሞተሩ ክብደት ነው። የሰሜን አየርላንዱ ሳሚ ሚለር ከባዱን የእንግሊዝ ባለ አራት ስትሮክ ኤሪየል ትቶ ወደ ስፔኑ ቡልታኮ ሄደ። ባለ ሁለት ስትሮክ ቀላል ሞተር፣ ሼርፓ የሚባለውን፣ አብሯቸው ሠራ። በ1965 በእሱ ላይ ሆኖ የስኮትላንዱን ስድስት ቀን አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ ትሪያል ከስፔን ጋር ተሳሰረ። የዓለም ሻምፒዮና በ1975 ሲጀመር የመጀመሪያው ሻምፒዮን እንግሊዛዊው ማርቲን ላምፕኪን ነው፤ ሞተሩ ግን ቡልታኮ ነበር። ልጁ ዱጊ ላምፕኪን በ2016 የማን ደሴትን የውድድር መንገድ፣ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በኋላ ጎማ ብቻ ዞሮታል። ስፔናዊቷ ላያ ሳንስ 13 ጊዜ የሴቶች የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። የአገሯ ልጅ ቶኒ ቡ ደግሞ ከ2007 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ዋንጫውን በተከታታይ ወስዷል።

ሞተሩ ምን ይመስላል?

ክብደቱ 70 ኪሎ ገደማ ነው። ሁለት ጠንካራ ሰዎች ፒክአፕ ላይ ያነሱታል። የቤንዚን ታንኩ ከ2 እስከ 3 ሊትር ብቻ ይይዛል። መቀመጫ የለውም፤ ነጂው ቀኑን ሙሉ እግር መርገጫው ላይ ይቆማል። መሪው በጣም ይዞራል፣ ማርሹ አጭር ነው፣ ሆዱ ስር አለት የሚቀበል ወፍራም ላሜራ አለ። ሞንቴሳ፣ ጋስጋስ፣ ሼርኮ፣ ቤታና ቲአርኤስ በብዛት የሚታዩ ስሞች ናቸው። የኤሌክትሪክም መጥቷል፤ የፈረንሳዩ ኤሌክትሪክ ሞሽን ይጠቀሳል።

ከተለመደው ሞተር የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚገርመው ጎማው ነው። የከተማ ሞተር ጎማ ብዙ ጊዜ ከ25 ፒኤስአይ በላይ ይሞላል። የትሪያል የኋላ ጎማ 4 ወይም 5፣ የፊቱ 6 አካባቢ ነው። ጎማው እንደ እጅ መዳፍ ድንጋዩን እንዲጨብጥ ስለሚፈለግ ነው። የነዳጅ ማደያ መለኪያ ይህን ያህል ዝቅ ያለ ቁጥር በደንብ አያነብም፤ የራስ መለኪያ መግዛት ግድ ነው። በብዙዎቹ ሞተሮች የፊቱ ጎማ ከመነዳሪ አለው፣ የኋላው የለውም። ማስጠንቀቂያ፦ ይህን በከተማ ሞተራችሁ ላይ እንዳትሞክሩት። በአስፋልት ፍጥነት ላይ ጎማው ከቸርኬው ሊወጣ ይችላል።

አያያዝ፦ ከእጥበቱ እንጀምር

ውድድሩ አልቋል፣ ሞተሩ ጭቃ ሆኗል፣ ሁሉም ሰው ወደ ግፊት ውሃ ይሮጣል። እዚህ ነው ጉዳቱ የሚጀምረው። ኃይለኛ ውሃ የጎማውን፣ የመሪውንና የኋላውን ሞላ ኩሽኔታዎች ማኅተም አልፎ ገብቶ ግራሶውን ያጥባል። ከውጭ የሚያበራ ሞተር ውስጡ ዝገት ይጀምራል። ስለዚህ ውሃውን ከሩቅ፣ ወደ መጥረቢያዎች በቀጥታ ሳታነጣጥሩ ተጠቀሙ። ብሩሽና ባልዲ ካላችሁ ደግሞ ግፊቱን እርሱት። የማርሚታውን አፍ መድፈን፣ የአየር ማስገቢያውን መሸፈን አትርሱ። ሲያልቅ ሞተሩን አስነስታችሁ አሙቁት፤ ውሃው ይደርቃል።

የኋላውን ሞላ የሚይዙት መገጣጠሚያዎች መሬት አጠገብ፣ ጭቃና ውሃ በሚያገኛቸው ቦታ ላይ ናቸው። በዓመት ሁለቴ ተፈትተው፣ ተጠርገው፣ ግራሶ ካልገባላቸው ኩሽኔታው ይበላል። ሥራው ከሰዓት በኋላ ብቻ ይፈጃል፣ መለወጫው ግን ኪስ ይነካል።

ቀጥሎ የአየር ማጣሪያው፣ ፊልትሮው። በብዙዎቹ ሞተሮች ከኋላ ፓራፋንጎ ስር ስለተቀመጠ ጭቃና አቧራ በቀጥታ ያገኘዋል። ስፖንጅ ነው። በፊልትሮ ማጠቢያ ወይም በለብ ያለ የሳሙና ውሃ ታጥቦ፣ ሙሉ በሙሉ ደርቆ፣ የፊልትሮ ዘይት ተቀብቶ ይመለሳል። በቤንዚን ማጠብ ለእሳትም አደጋ ነው፣ የስፖንጁን ማጣበቂያም ያላቅቃል። ዘይት ያልተቀባ ስፖንጅ ደቃቁን አቧራ አይዝም፤ አቧራው ወደ ሲሊንደር ገብቶ ፒስተንና ፋሻውን ይሞርዳል። ይሄኛው አገር ቤት በአቧራማ መንገድ ለምትነዱም እኩል ይሠራል፤ የሞተራችሁ ፊልትሮ ከምን እንደተሠራ ግን መጀመሪያ እዩ።

ባለ ሁለት ስትሮክ ሞተር ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ነው። ልኩ በሞተሩ መመሪያ ላይ አለ፤ ከጓደኛ አትቅዱ። መመሪያው 80 ለ 1 ካለ ለ5 ሊትር ቤንዚን 62 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ 50 ለ 1 ካለ 100 ሚሊ ሊትር። ሲያንስ ፒስተኑ ሊነክስ ይችላል፣ ሲበዛ ካንዴላው ይጠቁራል። ጄሪካኑን ከመቅዳታችሁ በፊት ነቅንቁት። ሞተሩ ለወራት የሚቆም ከሆነም ካርቡራቶሩን አራግፉት። የደረቀ ቤንዚን ትንሿን ቀዳዳ ይደፍንና በሚቀጥለው እሁድ ሞተሩ አልነሳም ይላል።

የካምቢዮው ዘይት ለብቻው ነው፣ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሊትር ብዙም አይርቅም። ፍሪሲዮኑ የሚሠራው በዚሁ ዘይት ውስጥ ነው። በትሪያል ደግሞ ፍሪሲዮን ቀኑን ሙሉ በአንድ ጣት ይያዛል፣ ይለቀቃል፣ ይያዛል። ያረጀ ወይም ያልተፈቀደ ዘይት ከገባ ፍሪሲዮኑ ይይዛል፣ ወይ ይንሸራተታል። ዘይቱን ስትቀይሩ ቀለሙን እዩት። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ተጠርጣሪው የውሃ ፓምፑ ማኅተም ነው። ዘይቱ ከውጭ ሳይፈስ እየቀነሰ፣ ሞተሩ ነጭ ጭስ የሚያበዛ ከሆነ ደግሞ የክራንክ ማኅተም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ቶሎ ከተያዙ ርካሽ ናቸው። ካለፉ ግን ሞተሩ ይፈታል።

የቀረው አጭር ነው። ካቴናውን አጽድታችሁ ቅቡት፣ እንዳይላላም እዩት። ራጂዎቹን በእጅ ነካ ነካ አድርጉ፤ የላላው ድምፁ ይለያል። የእግር መርገጫ ቡሎኖችን አጥብቁ። የፍሬንና የፍሪሲዮን መያዣዎችን ግን ድርቅ አድርጋችሁ አትሰሯቸው፤ ስትወድቁ ዞር እንዲሉ ትንሽ ከተተው፣ አይሰበሩም። የካቴና ቅባት የፍሬን ዲስኩን እንዳይነካ ተጠንቀቁ። ከእጅ አንጓ ጋር የሚታሰረው ማጥፊያ ገመድም በየማለዳው ይሞከር። እናንተ ወድቃችሁ ሞተሩ ጋዙ ተከፍቶ ላያችሁ ላይ ቢመጣ የሚያድናችሁ እሱ ነው።

ያገለገለ ስትገዙ

አውሮፓ ያላችሁ ተከታታዮቻችን፣ አብዛኛው አማተር የሚጀምረው በያገለገለ ነው። ሻጩ ቀድሞ ካሞቀው ጠርጥሩ፤ ቀዝቅዞ ሲነሳ ማየት አለባችሁ። የኋላውን ጎማ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት፤ ሞላው ሳይንቀሳቀስ በፊት ቋ የሚል ክፍተት ካለ መገጣጠሚያዎቹ ተበልተዋል። እግር መርገጫው አካባቢ ሻንሲው እንዳይሰነጠቅ ተመልከቱ። ሞተሩ ሲሞቅ የራዲያተሩ ማራገቢያ መነሳቱን ጠብቁ። ፊልትሮውን ክፈቱት፤ የባለቤቱን ጠባይ ከሌላው ሁሉ በላይ እሱ ይነግራችኋል። የተቧጨረ ፕላስቲክ ችግር የለውም፣ ያልተቧጨረ ትሪያል ሞተር ብርቅ ነው። የሻንሲ ቁጥሩን ከወረቀቱ ጋር ሳታመሳክሩ ገንዘብ አትክፈሉ።

ልምምዱ ከአለት አይጀምርም። ሜዳ ላይ መሪውን እስከ ጫፍ አዙሮ በጣም ቀስ ብሎ መዞር፣ ከዚያ ስምንት ቁጥር መሥራት። ሞተሩ ወደ ውስጥ ሲያዘነብል ሰውነት ወደ ውጭ ይቀራል፣ ክብደቱ በውጭኛው እግር ላይ ይሆናል። ሄልሜት፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጠንካራ ቦት እና ጓንት የግድ ናቸው።

ባዶ መሬት ሁሉ የማንም አይደለም ብላችሁም እንዳትገቡ። በእንግሊዝ ያለ ፈቃድ በሰው መሬት ላይ የሚነዳን ሞተር ፖሊስ ሊወስደው ይችላል። ክለቦች ፈቃዱንም ኢንሹራንሱንም ይጨርሳሉ። ሞተር ከሌላችሁ ደግሞ አንድ እሁድ ታዛቢ ለመሆን ጠይቁ፤ ክለቦች ሁልጊዜ ሰው ያንሳቸዋል። አንድ ሴክሽን ላይ ቆማችሁ፣ ሁሉም ነጂ ያንኑ ድንጋይ በየራሱ መንገድ ሲሞክረው ቀኑን ሙሉ ታያላችሁ።