ክፍት ተደራሽነትና የምርምር መጽሔቶች ተነባቢነት

ክፍት ተደራሽነት ማለት ማንም ሰው የምርምር ጽሑፎችን ያለ ክፍያ በኢንተርኔት እንዲያነብ፣ እንዲያወርድና እንዲያሰራጭ የሚፈቅድ የኅትመት አሠራር ነው። ስያሜው በስፋት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2002 ከወጣው የቡዳፔስት መግለጫ ወዲህ ነው። ልማዱ ግን ይቀድማል፤ የፊዚክስ ሊቁ ፖል ጊንስፓርግ በ1991 የመሠረተው አርካይቭ ገና ያልታተሙ ጽሑፎችን በነጻ ያቀርብ ነበር።

በ2001 ስቲቭ ሎውረንስ ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ በነጻ የሚገኙ የኮምፒውተር ሳይንስ ጽሑፎች በሌሎች ጥናቶች ይበልጥ እንደሚጠቀሱ አሳየ። ይሁን እንጂ ይህ ምክንያቱን አይለይም፤ ተመራማሪዎች በነጻ የሚለቁት የተሻለውን ሥራቸውን ሊሆን ይችላል።

ይህን ለመለየት ፊሊፕ ዴቪስና ባልደረቦቹ ዕጣ ተጠቀሙ። የአሜሪካ ፊዚዮሎጂ ማኅበር በሚያሳትማቸው 11 መጽሔቶች ከወጡ 1,619 ጽሑፎች ውስጥ 247ቱ በዕጣ ተመርጠው ለሁሉም ክፍት ሆኑ። በ2008 በታተመው ውጤት መሠረት በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የክፍቶቹ ሙሉ ጽሑፍ በ89 በመቶ፣ የፒዲኤፍ ቅጂያቸው በ42 በመቶ ይበልጥ ወርዷል፤ የተለያዩ ጎብኚዎቻቸው ቁጥርም በ23 በመቶ በልጧል። አጭር ማጠቃለያቸው ብቻ በ24 በመቶ ያነሰ ተነቧል። በሌላ በኩል በመጀመሪያው ዓመት ከሌሎቹ በላቀ ሁኔታ አልተጠቀሱም። በ2011 የወጣውና 36 መጽሔቶችን ለሦስት ዓመት የተከታተለው ጥናትም ተመሳሳይ ውጤት አገኘ።

ዴቪስ ለዚህ የሰጠው ማብራሪያ፣ ጥናት ጽፈው ሌላውን የሚጠቅሱት ሰዎች በአብዛኛው ዩኒቨርሲቲያቸው የደንበኝነት ክፍያ ስለሚከፍልላቸው ቀድሞም መጽሔቶቹን ያገኙ ነበር የሚል ነው። ክፍት መሆኑ የሚጠቅመው ሐኪሙን፣ መምህሩንና ተማሪውን ነው፤ እነዚህ ያነባሉ እንጂ እምብዛም ጥናት አያሳትሙም። ስለዚህ የመጠቀስን ብዛት ብቻ የሚቆጥር መለኪያ እነርሱን አያያቸውም።

የማውረድ ቁጥርም ቢሆን በጥንቃቄ መታየት አለበት። ፋይሉን የሚያወርደው ሮቦት ሊሆን ይችላል፤ የወረደ ሁሉም አይነበብም። አንድ ጽሑፍ በሌላ የነጻ ማከማቻ ሲቀመጥ ደግሞ አንባቢዎቹ ስለሚከፋፈሉ በመጽሔቱ ድረ ገጽ ላይ የሚታየው ቁጥር ሊቀንስ ይችላል።

በኢትዮጵያ የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በ2019 ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ አጽድቋል። ከዚያ በፊትም ከ2002 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመራው ሂናሪ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የጤና መጽሔቶችን ያቀርባል። ሂናሪ ግን የሚሠራው ለተመዘገቡ ተቋማት ነው፤ ከተቋሙ የወጣ ሰው በር ይዘጋበታል። ብዙ ክፍት መጽሔቶች በፊናቸው ወጪውን ከአንባቢው ወደ ጸሐፊው አዛውረዋል፤ በዚህም ማንበብ ነጻ ሲሆን ማሳተም ውድ ሊሆን ይችላል።