መተማና ገዳሪፍ በጠረጴዛ ላይ፤ ስለ ጦርነት ጨዋታና ስለ ታሪክ ትምህርት

የሰው ልጅ ጦርነትን በጨዋታ መልክ ማሳየት የጀመረው ከጥንት ነው። በኢትዮጵያ ወጣቶች በገና በዓል ሁለት ወገን ሆነው ሩሯን ሲያሳድዱ፣ ፈረሰኞች በጉግስ ሜዳ ዘንግ ሲወራወሩና በጋሻ ሲመክቱ፣ መኳንንትም በሰንጠረዥ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠው ንጉሡን፣ ፈርዙን፣ ፈረሱንና መደቁን ሲያንቀሳቅሱ ከመዝናናት ጋራ የጦርነትን ጠባይ ይማሩ ነበር። በአውሮፓም እንዲሁ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1824 ፎን ራይስቪትስ የተባለ የፕሩስያ መኮንን የጦር አለቆች በካርታ ላይ የሚለማመዱበትን የጦርነት ጨዋታ ለአገሩ ሠራዊት አቀረበ። በ1913 እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ ከእርሳስ በተሠሩ ትንንሽ ወታደሮች የሚጫወቱበትን ደንብ በመጽሐፍ አወጣ። በ1979 ደግሞ አሜሪካዊው ላሪ ብሮም የቅኝ ግዛት ዘመን ውጊያዎችን የሚመለከት ደንብ አሳተመ፤ በዚህ ደንብ የማን ጭፍራ ቀድሞ እንደሚነሣ የሚወስነው ቀይና ጥቁር የመጫወቻ ካርታ ሲሆን፣ ምን ያህል እንደሚራመድ የሚወስነው ስድስት ፊት ያለው ዳይስ ነው። ዛሬም በልዩ ልዩ አገር ጓደኛሞች በጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበው፣ ኮረብታውንና ወንዙን በትንሹ ሠርተው፣ የጣት ቁመት የማያህሉትን ወታደሮች አሰልፈው ያለፈውን ውጊያ እንደገና ይዋጋሉ።

በእነዚህ ተጫዋቾች ዘንድ የሱዳን ማህዲያ ጦርነት በጣም ከሚወደዱት አንዱ ነው። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ በጠረጴዛው ላይ የሚቀርበው እንግሊዞች የተሰለፉበት ውጊያ ነው፤ ይኸውም የካርቱም መከበብ፣ ወይም ነሐሴ 28 ቀን 1890 ዓ.ም. የተደረገው የኦምዱርማን ውጊያ ነው። በዚያን ጊዜ የጨዋታው ሐሳብ ቀላል ነው። በአንድ ወገን ቁጥሩ ጥቂት፣ መሣሪያው ግን የበረታ ጦር ይቆማል፤ በሌላው ወገን ብዛትና ድፍረት ያለው፣ ነገር ግን እያንዳንዱ በስሙ የማይታወቅ ሕዝብ ይተማል። ከኦምዱርማን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ገዳሪፍና ወደ መተማ ሲመጣ ይህ ሐሳብ ይሰናከላል። በዚያ ጠረፍ የተዋጉት ሁለቱም ወገኖች የአፍሪካ መንግሥታት ነበሩ፤ ሁለቱም ጠመንጃ ነበራቸው፤ ሁለቱም ስለ ሃይማኖታቸውና ስለ ግዛታቸው ይዋጉ ነበር፤ የሁለቱም የጦር አለቆች በስምና በጀግንነት የታወቁ ነበሩ። ስለዚህ የዚህ ጠረፍ ታሪክ ጨዋታው ምን ሊያስተምር እንደሚችልና ምን ሊያስተምር እንደማይችል ለመመርመር የተመቸ ነው።

ገዳሪፍ የሚገኘው በአትባራና በራሃድ ወንዞች መካከል ባለው ሰፊ የመረሬ መሬት ላይ ነው። አገሩ ማሽላና ሰሊጥ የሚታፈስበት ስለ ሆነ፣ ጦር ይዞ የሚንቀሳቀስ ሁሉ ዓይኑን የሚጥልበት ጎተራ ነበር። ከተማው በቀድሞ ዘመን ሱቅ አቡ ሲን ይባል ነበር፤ አቡ ሲን የሽኩሪያ ዓረቦች የአለቆች ቤት ስም ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከጎንደር ወደ ሱዳን በሚወስደው የንግድ መንገድ ላይ መተማ ይገኛል። በመተማ ገበያ ቡና፣ ሰም፣ ጥጥና በቅሎ ይሸጥ ነበር፤ ባሪያም ይሸጥ ነበር። የሰፈሩበትም ሕዝቦች አንዱ ወገን ከምዕራብ አፍሪካ የመጡት ተክሩሮች ነበሩ፤ ሼሆቻቸውም በአንድ ወቅት ለግብጽም ለኢትዮጵያም ግብር ይከፍሉ እንደ ነበር ይታወቃል። በጨዋታ ሰሌዳ ላይ አንድ ምስል ሁለት ቀለም ሊቀባ አይችልም። በጠረፉ ላይ ግን ሕዝቡ በሁለት መንግሥታት መካከል የሚኖረው ለሁለቱም እየገበረ ነበር።

የመተማ ውጊያ በጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ከሞላ ጎደል እንዲህ ይሆናል። በአንድ በኩል ደርቡሾች የመሸጉበት ዘሪባ፣ ማለት ከእሾህና ከግንድ የታጠረው ሰፊ ቅጥር ይሠራል፤ በውስጡ የዘኪ ተማል ጦር ይሰለፋል። በሌላው በኩል የዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ቅጥሩን ከብቦ ይቆማል፤ ራስ አሉላን የመሰሉ የጦር አበጋዞች በየክፍላቸው ይመደባሉ። ኢትዮጵያውያን አጥሩን ጥሰው ለመግባት ይሞክራሉ፤ ዳይሱ ይጣላል፤ ምስሎች ይነሣሉ። በእንዲህ ያለው ጨዋታ የተለመደ አንድ ደንብም አለ፤ አለቃው ከወደቀ ጭፍራው ይጸና ወይም ያፈገፍግ እንደ ሆነ በዕጣ ይፈተናል።

ይህ ደንብ ለመተማ ከሌላው ውጊያ ሁሉ ይበልጥ ይስማማል። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ቅዳሜ፣ የኢትዮጵያ ሠራዊት አጥሩን ሰብሮ ከገባና ድሉ ወደ እርሱ ካዘነበለ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ቆሰሉ። ወሬው በተሰማ ጊዜ ያሸንፍ የነበረው ጦር ልቡ ተሰበረ፤ አፈገፈገም። ዐፄ ዮሐንስ በማግሥቱ ዐረፉ። ከሁለት ቀን በኋላም የዘኪ ተማል ጦር አስከሬኑን ይዘው የሚመለሱትን በአትባራ ወንዝ አጠገብ ደረሰባቸው፤ የንጉሠ ነገሥቱም ራስ ወደ ኦምዱርማን ተላከ። የአንድ ሰው መውደቅ የአንድን ቀን ውጊያ እንዴት እንደሚገለብጥ፣ ሁሉ ነገር በአንድ ሰው ላይ የተመሠረተ ሥርዓትም ምን ያህል አደጋ እንዳለበት፣ ደጋግሞ የሚወድቀው ዳይስ ለተማሪ በግልጽ ሊያሳየው ይችላል። በጨዋታው ዘንድ የሚመሰገነው ቁም ነገር ይህ ነው።

ሆኖም ጨዋታው ትልቅ ጉድለት አለበት፤ የሚጀምረው ታሪኩ ሊያልቅ በተቃረበ ጊዜ ነው። ሁለቱ ጦሮች ፊት ለፊት ተሰልፈው ይገኛሉ እንጂ እዚያ ምን እንዳመጣቸው አይጠየቅም። በዚህ ረገድ የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ የተሻለ ብልሃት ነበረው። በቀድሞው አጨዋወት የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እያንዳንዱ እንደ ፈቀደ እያንቀሳቀሰና የባላጋራውን አሰላለፍ እየተመለከተ የራሱን ያሰልፍ ነበር፤ ይህም ወረራ ይባላል። ብልህ ተጫዋች ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው ገና በወረራው ነው። የመተማም ውጊያ የተወሰነው በመጋቢት 1 ቀን ብቻ ሳይሆን ከዚያ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ወረራ ነው።

ያ ወረራ የተጀመረው በ1876 ዓ.ም. በዐድዋ በተፈረመው የሂዌት ውል ነው። በማህዲ ጦር የተከበቡት የግብጽ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ዐፄ ዮሐንስ ሊረዱ፣ በምላሹም ቦጎስ ለኢትዮጵያ ሊመለስ፣ በምጽዋ በኩልም ዕቃ ያለ ቀረጥ ሊያልፍ ተስማሙ። ኢትዮጵያ ቃሏን ጠበቀች፤ ስለዚህም የማህዲን መንግሥት ጠላት አደረገች። ውሉ በተፈረመ በዓመቱ ግን በ1877 ዓ.ም. ኢጣልያ እንግሊዝ እያወቀች ምጽዋን ያዘች። በመስከረም 1878 ዓ.ም. ራስ አሉላ በኩፊት የዑስማን ዲግናን ጦር ድል አደረጉ። በ1879 ዓ.ም. ያው ራስ አሉላ የኢጣልያን ጦር በዶጋሊ ሲደመስሱ፣ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ደግሞ መተማን መትተው የደርቡሹን አሚር ገደሉ። የዚህም አጸፋ በጥር 1880 ዓ.ም. ደረሰ፤ ሐምዳን አቡ አንጃ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን በደንቢያ ሳር ውሃ ላይ ድል አድርጎ ጎንደር ገባ፤ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠለ፤ ብዙ ሕዝብም ማረከ።

ከዚህ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ በሦስት አቅጣጫ ተወጠሩ። በሰሜን በ1880 ዓ.ም. እስከ ሰዓጢ ዘምተው ኢጣልያኖች ከምሽጋቸው አልወጣ ስላሏቸው ሳይዋጉ ተመለሱ። በደቡብ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በአንድነት ይመክሩባቸው ነበር። በምዕራብ ደርቡሽ ነበረ። በ1881 ዓ.ም. መጀመሪያ አካባቢ ለአቡ አንጃ በላኩት ደብዳቤ ድኻው በከንቱ እንዳያልቅ፣ ሁለቱም መንግሥታት የጋራ ጠላታቸው በሆኑት አውሮፓውያን ላይ እንዲተባበሩ አሳሰቡ። የመጣው መልስ ግን ስድብና ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ የሚጠይቅ ነበር። አቡ አንጃ ጥቂት ቆይቶ በሕመም ሲሞት ዘኪ ተማል ተተካ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ወደ መተማ ዘመቱ። በጠረጴዛው ላይ ሁለት ቀለም ብቻ ይታያል፤ በእውነቱ ግን ገበታው ላይ ያልተቀመጡት እጆች ከተቀመጡት ይበልጡ ነበር።

ከውጊያው በኋላ የሆነውም ይህንኑ ያስረዳል። ንጉሠ ነገሥቱ ከወደቁ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ተፈረመ፤ በዚያው ክረምት ኢጣልያኖች አሥመራን ያዙ። በሱዳን በኩል ያ ዓመት በሂጅራ 1306 ስለ ነበረ ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ሰነት ሲታ»፣ የዓመተ ስድስት ረኃብ እያለ ያስታውሰዋል። በኢትዮጵያም ከብቱ በበሽታ አልቆ ክፉ ቀን የተባለው ጊዜ ገባ። ሁለቱ ጦሮች ሲመላለሱበት የኖረው አገር ባዶ ሆነ። ለእንዲህ ያለው ነገር በየትኛውም የጨዋታ ደንብ ዳይስ የለውም። ዐፄ ዮሐንስ ያሳሰቡትም ስምምነት ከዐድዋ ድል በኋላ በዐፄ ምኒልክና በኸሊፋ ዐብዱላሂ መካከል መልእክተኞች ሲመላለሱ መታየት ጀመረ፤ ነገር ግን ለሁለቱም የዘገየ ነበር። ከኦምዱርማን ውጊያ በኋላ ኮሎኔል ፓርሰንስ ከከሰላ ተነሥቶ በመስከረም 1891 ዓ.ም. ገዳሪፍን ያዘ፤ ከከተማው ርቆ የነበረው አሚር አሕመድ ፈዲልም ተመልሶ መጥቶ ቢያጠቃ ሳይሆንለት ቀረ። በግንቦት 1894 ዓ.ም. በተፈረመው የወሰን ውል ገላባት ለሱዳን፣ መተማ ለኢትዮጵያ ሆነው በአንዲት የወንዝ መውረጃ ተለያዩ።

በዚያችው መውረጃ ግራና ቀኝ በጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. የተደረገው ውጊያ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በብሪጋዴር ስሊም የሚመራው የሕንድና የእንግሊዝ ጦር ገላባትን ከኢጣልያኖች አስለቀቀ፤ ነገር ግን ታንኮቹ ተሰናከሉ፤ የኢጣልያን አውሮፕላኖችም በረቱበት፤ ስሊምም ወደ ኋላ ለመሳብ ወሰነ። ይህ ሰው በኋላ ታላቅ የጦር መሪ ሆኖ ትዝታውን ሲጽፍ፣ በዚያን ቀን የመረጠው የፍርሃትን ምክር እንደ ነበረ በግልጽ ተናግሯል። የእርሳስ ወታደሮችን የሚያንቀሳቅስ ተጫዋች ይህን ፍርሃት ሊያውቀው አይችልም፤ ከጠረጴዛው በላይ ቆሞ የጠላቱን ጭፍራ እስከ መጨረሻው ሰው ይቆጥራልና። የፕሩስያው ጨዋታ ይህን ጉድለት ለመሙላት በሁለቱ መካከል ዳኛ አቁሞ ነበር፤ ተጫዋቹ የሚያውቀው ዳኛው የነገረውን ብቻ ነው።

የመተማን ውጊያ በአሸዋ ገበታ ላይ ለተማሪዎቹ ለማሳየት የሚፈልግ መምህር ከዚህ ሁለት ነገር ይወስዳል። አንደኛ፣ ራሱ እንደ ዳኛ ሆኖ ለእያንዳንዱ ወገን በዚያን ጊዜ ሊያውቅ የሚችለውን ብቻ ይነግራል። ሁለተኛ፣ ምስሎቹ ከመሰለፋቸው በፊት ወረራውን ያስጫውታል፤ አንዱን ተማሪ በሂዌት ቦታ፣ አንዱን በምጽዋ ኢጣልያ ቦታ፣ አንዱን በሸዋ፣ አንዱን በጎጃም፣ አንዱን በኦምዱርማን፣ አንዱንም ለሁለት መንግሥት በሚገብረው በመተማ ነጋዴ ቦታ አስቀምጦ፣ የተላከውን የእርቅ ደብዳቤ ምን ብለው እንደሚመልሱ ይጠይቃቸዋል። ምናልባት ብዙዎቹ ተማሪዎች ወደ ውጊያው ሳይደርሱ የሚቀሩበትን መንገድ ይፈልጉ ይሆናል፤ ይህም የትምህርቱ ፍሬ ነው።

ይህን መጠየቅ ያለፈ ነገር ማንሣት ብቻ አይደለም። በ1970ዎቹ በጦርነትና በረኃብ የተፈናቀሉ ኢትዮጵያውያን በገዳሪፍ አውራጃ ተጠልለው ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. እንደገና ብዙዎች ወደዚያው ተሰደዱ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ሰዎች ያንኑ የወንዝ መውረጃ ተሻግረው ወደ መተማ ገቡ። እነዚህ ስደተኞች የተቀመጡበት የጨዋታ ጠረጴዛ የለም፤ የታሪክ ትምህርት ግን ከአሚሮቹና ከነገሥታቱ ጋራ እነርሱንም ሊቆጥር ይገባዋል።