የሕንፃው ንባብ ማን ዘንድ ይደርሳል? የስማርት ሕንፃ ጥቅምና ተጠያቂነት

ስለ ስማርት ሕንፃ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር በዕቃ ዝርዝር ይጀምራል፤ ሙቀት የሚለካ ሴንሰር፣ ሰው ሲወጣ በራሱ የሚጠፋ መብራት፣ በስልክ የሚከፈት በር። ለሻጭ በራሪ ወረቀት ይህ ነውር የለውም። ለጥናት ግን መነሻው የተጣመመ ነው። ሴንሰር መለካት እንጂ ሌላ አያውቅም። የለካው ቁጥር ፋይዳ የሚኖረው እርምጃ መውሰድ የሚችል፣ ባይወስድም የሚጠየቅ ሰው ዘንድ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ቴክኖሎጂው ለከተማ፣ ለንግድ ድርጅትና ለነዋሪ መጥቀም አለመጥቀሙን የሚወስነው ንባቡ የማን እንደሆነና ማንን እንደሚያስጠይቅ በውልና በሕግ መታሰሩ ነው ብዬ እከራከራለሁ። ማስረጃዬን በዋናነት የምወስደው ከኒውዮርክ ነው፤ ከተማዋ ከሃያ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ የባለሀብቱን ስሌት፣ የከተማውን ሕግና የነዋሪውን ቅሬታ አንድ ላይ አስተናግዳለች። (ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ተለይተው ካልተጠቀሱ በስተቀር፣ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1931 የተመረቀው የኒውዮርኩ ኢምፓየር ስቴት ሕንፃ 102 ፎቅ አለው። በ2009 ይፋ የሆነው የእድሳት ዕቅድ የኃይል ፍጆታውን በ38 በመቶ፣ ወጪውንም በዓመት በ4.4 ሚሊዮን ዶላር ለመቀነስ ያለመ ነበር። ከሥራው ሁሉ ለዓይን የሚታየው የመስኮቱ ነው። 6,514 መስኮቶች እየተነቀሉ እዚያው አምስተኛ ፎቅ ላይ ወደተቋቋመ ወርክሾፕ ገቡ፤ ነባሩ መስታወት ጸድቶ በሁለቱ ገጽ መካከል ስስ ፊልም ተወጠረ፣ ክፍተቱ በጋዝ ተሞላ፣ መስኮቱም ወደ ቦታው ተመለሰ። ከራዲያተሮቹ ጀርባ ሙቀትን ወደ ክፍሉ የሚመልስ አንጸባራቂ ልባስ ገባ፤ ከዚያ በፊት ራዲያተሩ ከፊል ሥራው መንገዱን ማሞቅ ነበር ማለት ይቻላል። በዕቅዱ ስሌት ከ38ቱ ነጥብ መስኮቱ 5፣ ልባሱ 3 ያዋጣሉ። ከሁሉም የላቀው ድርሻ፣ 9 ነጥብ፣ የዲጂታል መቆጣጠሪያው ነው። ይህን ቁጥር ይዞ «እንግዲህ ኮምፒውተሩ አሸነፈ» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል። ሕንፃው የሚያባክነው ሙቀትና ቅዝቃዜ አስቀድሞ ስለቀነሰ ነባሮቹን የማቀዝቀዣ ማሽኖች በአዲስ መተካት ሳያስፈልግ ባሉበት ማደስ በቂ ሆነ። ቀዳዳው ያልተደፈነ እንስራ ላይ የውሃ መለኪያ መግጠም የሚያተርፈው የፍሳሹን መጠን በትክክል ማወቅ ብቻ ነው።

ለንግዱ ዓለም የዚህ እድሳት ዋና ትምህርት ያለው ከተከራዮቹ በኩል ይመስለኛል። በኪራይ ሕንፃ ማሽኑን የሚገዛው አከራዩ ነው፤ በየቢሮው የሚቃጠለውን መብራት የሚያበራውና የሚያጠፋው ተከራዩ ነው። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ያተርፋል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ማንም አያወጣም። ዕቅዱ ከተከራይ ቢሮዎች መብራትና ሶኬት 6፣ ተከራዩ የራሱን ፍጆታ ለብቻው ለክቶ እንዲከታተል ከማድረግ ደግሞ 3 ነጥብ ጠብቆ ነበር። ይህ ሁሉ የሚሳካው ተከራዩ ቁጥሩን ሲያይ፣ ያየውም ቁጥር በሚከፍለው ሂሳብ ላይ ሲንጸባረቅ ነው። ሂሳቡ በካሬ ሜትር ተደልድሎ የሚመጣበት ድርጅት መብራት ቢያጠፋ የሚያተርፈው ለጎረቤቱ ነው።

ከተማው ጣልቃ የገባበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ከኒውዮርክ የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ከሕንፃዎች ይወጣል። በ2009 የወጣው ሕግ ትልልቅ ሕንፃዎች ዓመታዊ ፍጆታቸውን እንዲያሳውቁ አስገደደ፤ በኋላ ደግሞ ውጤቱ ከኤ እስከ ዲ ባለ ፊደል መግቢያው በር አጠገብ እንዲለጠፍ ተደረገ። በ2019 የጸደቀው የአካባቢ ሕግ ቁጥር 97 ከዚያ አልፎ ከ25,000 ካሬ ጫማ፣ ማለትም ከ2,300 ካሬ ሜትር ገደማ በላይ ለሆኑ ሕንፃዎች ከ2024 ጀምሮ የልቀት ጣሪያ አበጀ፤ ጣሪያው በ2030 ይበልጥ ዝቅ ይላል። ከጣሪያው በላይ ለእያንዳንዱ ቶን ቅጣቱ እስከ 268 ዶላር ይደርሳል። እዚህ ላይ መለኪያው ከምቾት ዕቃነት ወጥቶ የሂሳብ መዝገብ ሆነ። ቅጣቱና የእድሳት ወጪው ዞሮ ዞሮ ተከራዩ ላይ ይወድቃል የሚለው ተቃውሞ ግን ቀላል አይደለም፤ በተለይ አቅማቸው ዝቅተኛ የሆኑ ቤተሰቦች በሚኖሩባቸው ሕንፃዎች። ሕጉ ራሱ ይህን በከፊል አይቶታል፤ ለብዙዎቹ የኪራይ ቁጥጥር ያለባቸው ሕንፃዎች ጣሪያውን ከመጠበቅ ይልቅ በዝርዝር የተቀመጡ ርካሽ ጥገናዎችን መፈጸም እንደ አማራጭ ሰጥቷል፤ ቧንቧ መሸፈን፣ የማሞቂያ ሥርዓቱን ፍሳሽ መድፈን፣ የሙቀት ልኩን ማስተካከል። የሰለጠነ ሕግ አንዳንዴ የቧንቧ ሠራተኛ ቋንቋ ይናገራል።

የነዋሪው ጉዳይ ከዚህ ሁሉ የከረረ ነው፤ መሣሪያው ከማሽኑ ወደ ሰውየው ፊቱን ሲያዞር ጥያቄው ሌላ ይሆናል። በብሩክሊን ብራውንስቪል ሠፈር የአትላንቲክ ፕላዛ ማማዎች ተከራዮች በ2019 በመግቢያው ላይ ሊገጠም የታሰበውን የፊት መለያ ካሜራ በይፋ ተቃወሙ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ዕቅዱ ቀረ። ማንሃተን ውስጥም ቁልፍ ቀርቶ በስልክ በሚከፈት በር ምክንያት የተከሰሰ አከራይ ለተከራዮች ተራ የብረት ቁልፍ ለመስጠት ተስማማ። በ2021 የወጣው የተከራዮች መረጃ ሕግ ደግሞ የበር መክፈቻ መረጃ ያለ ተከራዩ ፈቃድ እንዳይሰበሰብና ተከራይን ለማስለቀቅ መሣሪያ እንዳይሆን ደነገገ። ይህ ሁሉ ፀረ ቴክኖሎጂ ስሜት ነው የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። ቦይለሩ ስንት ሰዓት እንደተነሳ የሚመዘግብ መሣሪያ አከራዩን ያስጠይቃል፤ ልጅህ ስንት ሰዓት እንደገባ የሚመዘግብ ግን አንተን ለአከራዩ ያጋልጣል። ሁለቱን በአንድ ስም «ስማርት» ብሎ መጥራቱ ነው ውዥንብሩን ያመጣው።

የደኅንነቱም ነገር አለ። በ2016 መኸር ፊንላንድ ውስጥ ላፔንራንታ ከተማ የሁለት መኖሪያ ሕንፃዎች ማሞቂያ መቆጣጠሪያ በኢንተርኔት በደረሰበት የጥያቄ ጎርፍ ደጋግሞ እየተነሳ እየጠፋ ማሞቅ አቆመ። ማንም ምስጢር አልሰረቀም፤ ቤቱ ቀዘቀዘ እንጂ። መፍትሔው መሣሪያውን መንቀል አይደለም። መቆጣጠሪያው ለማንም ክፍት በሆነ መስመር ላይ እንዳይቀመጥና ግንኙነቱ ሲቋረጥ በእጅ ማስነሳት የሚቻልበት መንገድ እንዲኖር ማድረግ ነው።

ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ስሌቱ ይለወጣል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ሌሊቷ ቀዝቃዛ ነው፤ ኤሌክትሪኳም በአብዛኛው ከውሃ ኃይል ይመነጫል። ስለዚህ የኒውዮርክን የካርቦን ጣሪያ ቀድቶ ማምጣት ትርጉሙ ትንሽ ነው። እዚህ ሕንፃ የሚያስመርረው ሌላ ነው፤ በፈረቃ የሚመጣ ውሃ፣ ሞልቶ ሲፈስ ያደረ ሮቶ፣ መብራት ሲጠፋ ሰው ይዞ የሚቆም ሊፍት፣ ነዳጁ መቼ እንዳለቀ የማይታወቅ ጄኔሬተር። ፊቱ በሙሉ መስታወት የሆነ ሕንፃ ደግሞ በዚህ ለስላሳ አየር ውስጥ ከሰዓት በኋላ ሠራተኛውን የሚያልበው በገዛ ንድፉ ጥፋት ነው፤ ሴንሰር ከመግጠም በፊት መጋረጃና የሚከፈት መስኮት ይቀድማል። ለኮንዶሚኒየም የሚበጀው መሣሪያ ርካሽና ቀላል ነው፤ የውሃውን ከፍታ የሚነግር መለኪያና የፓምፑን ቆጣሪ የሚያነብ አንድ ሰሌዳ። አስቸጋሪው መልእክቱ የሚደርሰው ሰው ነው። የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ የሆነውን የሕንፃውን ክፍል አስተዳደር ለባለቤቶች ማኅበር ሰጥቷል፤ የአዋጁ ዓመተ ምሕረት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ስለዚህ ንባቡም ለማኅበሩ መድረስ አለበት። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ «ሮቶው ሞልቷል» የሚል መልእክት ለሊቀመንበሩ ስልክ ቢደርስ ግን፣ የፓምፑ ክፍል ቁልፍ ጥበቃው ጋ ካልሆነ ውሃው እስኪነጋ ይፈሳል።